«ገና ነሽ» ተብላ ለምትመለሰው ወላድ ማደሪያ ይሰጣት

ለምዕራብ ጎጃም ዞን ጤና መምሪያ
ፍኖተ ሰላም

ግልባጭ፦ በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ ዙሪያ፣ በወንበርማ፣ በቋሪት፣ በሰከላና በደጋ ዳሞት ለምትገኙ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችና አዋላጆች

ጉዳዩ፦ ምጥ ጀምሯት ገና ያልጠናባት እናት የት ትደር?



በየቀበሌው ስብሰባ፣ በነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር የምንሰማው ምክር አንድ ነው፦ ምጥ ሲጀምራችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ። ምክሩን ሰምተን እንመጣለን። አዋላጁ ይመረምርና «ሁለት ሴንቲ ነው፤ ገና ነሽ፤ ሂጂና ሲጠናብሽ ተመለሺ» ይላል። ወዴት ነው የምንሄደው? ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ይህችኑ ጥያቄ በአደባባይ ለመጠየቅ ነው።

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከተማ ውስጥ ቤት ላላት ሴት ምክሩ ልክ ነው። ባጃጅ ተሳፍራ ቤቷ ትገባለች፣ ጋደም ትላለች፣ ሲብስባት ወዲያው ትመለሳለች። ይኸው ምክር ከአስፋልቱ ወጣ ሲል ግን መልኩ ይለወጣል። በሰከላ ደጋ ጭጋግ ውስጥ፣ በቋሪትና በደጋ ዳሞት አቀበት ቁልቁለት፣ በወንበርማ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ የምትኖር ሴት ጤና ጣቢያ የደረሰችው ግማሽ ቀን ተጉዛ ሊሆን ይችላል፤ በበቅሎ፣ አለዚያም ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመዋት። ክረምት ከሆነ እነ ብር፣ እነ ፈጣም ይሞላሉ፤ ጠዋት የተሻገሩትን ወንዝ ማታ መሻገር አይቻልም። አምቡላንስ የደረሰላት ብትሆንም አምቡላንሱ ያመጣታል እንጂ አይመልሳትም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልላችን በገባበት ጦርነት ምክንያት፣ ከመሸ መንገድ ላይ መገኘት በራሱ የነፍስ ጉዳይ ሆኗል። ለዚች ሴት «ሂጂና ተመለሺ» የሚለው ምክር የከተማ ምክር ነው። ገጠር ላይ የሚያደርሰው ወይ ዛፍ ሥር ነው፣ ወይ የማታውቀው ሰው መደብ ላይ ነው።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ደብዳቤውን ከእናንተ ሌላ እናቶችም ስለሚያነቡት የምጥን አጀማመር በአጭሩ ልናገር። የማህፀን በር ከመከፈቱ በፊት ይለሰልሳል፣ ያጥራል፣ ይሳሳል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ማህፀን እየተኮማተረ ነው፤ ስለዚህም ያማል። ቀጥሎ ቀስ በቀስ መከፈት ይጀምራል። እስከ 5 ሴንቲ ያለው ጊዜ ሥርዓት የለውም። ማታ በየአስር ደቂቃው ሲመላለስ ያመሸ ምጥ ጎህ ሲቀድ ድምጥማጡ ይጠፋል፤ ቀኑን ሙሉ ዝም ይልና ከብቶች በረት ሲገቡ እንደገና ይነሳል። ደም የነካው ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ይታይና ሰው ሁሉ «በቃ ደረሰ» ሲል ሌላ ሌሊት ይጨምራል። በተለይ በመጀመሪያ እርግዝና ይህ መምጣትና መሄድ ሊረዝም ይችላል። ሕፃኑ ጀርባውን ለእናቱ ወገብ ሰጥቶ ከተቀመጠ ደግሞ ሕመሙ ሁሉ ወገብ ላይ ይወድቅና እንቅልፍ የሚባል ነገር አይታሰብም። እናትና ጽንስ ደህና እስከሆኑ ድረስ ይህ በሽታ አይደለም። ድካሙ ግን ድካም ነው፤ ዋናው ምጥ ሲመጣ ጉልበቷ ተሟጥጦ የምትገኘውም በዚህ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ወረቀት ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኢማኑኤል ፍሪድማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የማህፀን በር እንዴት እንደሚከፈት በየሰዓቱ እየለካ በመስመር ሣለው። መስመሩ በመጀመሪያ ለረጅም ሰዓት ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ኋላ ሽቅብ ይወጣል። ዝግተኛው ክፍል ለመጀመሪያ ወላድ እስከ 20 ሰዓት፣ ወልዳ ለምታውቀው እስከ 14 ሰዓት ሊሄድ እንደሚችል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በዛሬዋ ዚምባብዌ ይህን ሐሳብ ወስደው፣ ከሆስፒታል ርቆ የሚሠራ አዋላጅ ወላዷን መቼ መላክ እንዳለበት የሚነግረው ቅጽ አደረጉት። በየማዋለጃ ክፍሉ የምትሞሉት ፓርቶግራፍ ዘሩ ከዚያ ነው፤ ከእኛው ዓይነት መንገድና ርቀት የተወለደ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ ባሰራጨው ቅጽ ላይ ለዚያ ለዝግተኛው ጊዜ 8 ሰዓት የሚይዝ ቦታ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተሻሻለው ቅጽ ያ ቦታ ወጣ፤ መዝገቡም ከ4 ሴንቲ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው አዲሱ የምጥ መከታተያ ደግሞ መጀመሪያው 5 ሴንቲ ሆነ።

ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። ዝግ ብሎ የሚሄድ ጤነኛ ምጥ «ዘገየ» እየተባለ ብዙ ሴት ያለ አስፈላጊነቱ መርፌ ተወግታለች፣ ሆዷ ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ድርጅቱ ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ በየሰዓቱ አንድ ሴንቲ መከፈት አለበት የሚለው የቆየ መለኪያ ለሁሉም ሴት እንደማይሠራ፣ እናትና ጽንስ ደህና ከሆኑ ከ5 ሴንቲ በፊት ምጥን በመድኃኒት ማፋጠን እንደማይገባ፣ የዝግተኛው ጊዜ ርዝመትም ከሴት ሴት በጣም እንደሚለያይ አስቀምጧል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ከዚህ የተወሰደውን ትርጓሜ ነው። «አትንኳት» የተባለው «አታስገቧት» ተብሎ ተነበበ። እንዲያውም ያው ምክረ ሐሳብ፣ ምጥ እስኪጠና ወላድን ከማዋለጃ ክፍል የማዘግየት ፖሊሲ በጥብቅ ምርምር ውስጥ ካልሆነ በስተቀር እንዳይተገበር ነው የሚለው። ጄኔቫ ላይ አንድ ሴንቲ ሲጨመር ሰከላ ላይ አንድ ሌሊት ይጨመራል፤ ያንን ሌሊት የሚቆጥረው ግን የለም። 5 ሴንቲ ያልደረሰች ሴት ቅጽ የላትም፣ አልጋ የላትም፣ በወሩ መጨረሻ በምትልኩት ሪፖርት ላይም ቁጥር የላትም።

የወንድሜን ሚስት ነገር ላውጋችሁ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ጤና ጣቢያ ስላልሆነ። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር፤ ወሩ ኅዳር፣ በርበሬ የሚለቀምበት። ማታ ጀመራት። አማቷ እሳት ዳር አስቀምጠው ወገቧን እየደገፉ «ማርያም ማርያም» ሲሉ አደሩ። ጎህ ሳይቀድ በበቅሎ አወጣናት፤ ግቢው ስንደርስ ምጡ ጭራሽ ጠፋ። ተረኛው ልጅ እግር ነው፤ የገጠር ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ትሑት ልጅ ነበር። መረመራት፣ የጽንሱን የልብ ምት አዳመጠ፣ ሁሉ ነገር ደህና መሆኑን ነገራት፣ ሁለት ሴንቲ መሆኑንም። ከዚያ እንድትሄድ ነገራት። ከክፍሉ ስትወጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀመጥን። ለክትባት የመጡ የአገራችን ሴቶች አይተው «ምነው አስቸኮለሽ?» ብለው ሳቁ፤ ክፋት አልነበረውም፤ እሷ ግን ከሕመሙ ይልቅ እሱን ነው የምታስታውሰው። ወዲያው ተመለሰባት። ብድግ ብላ የበቅሎዋን ኮርቻ በሁለት እጇ ያዘች፣ ግንባሯን ኮርቻው ላይ ደፋች፣ ትንፋሿን በአፏ እያወጣች ቆየች፤ በቅሎዋም አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ደግሞ ጠፋ። ስታመነታ ዋለችና አመሻሽ ላይ ወደ ቤት መለስናት።

ሌሊት እንደገና ጀመራት፤ በማግሥቱም እንደገና መጣን። ተረኛው ሌላ ሰው ነው። ትናንት ስንት እንደነበረች የተጻፈ ነገር ስለሌለ ምርመራው ከዜሮ ጀመረ። ሦስት ሴንቲ፤ አሁንም ገና። በዚያን ሌሊት ያደረችው ከጤና ጣቢያው አጥር ጀርባ ባለች አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት፣ መደብ ላይ ነው። ሴትዮዋ ቡና አፍልተው፣ ውሃ አሙቀው፣ አጥሚት ሠርተው አስተኟት። በመጨረሻ ጤና ጣቢያው ውስጥ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። አዋላጆቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ገንፎ አቀረቡላት። ገንፎው ጥሩ ነበር፣ ቅቤውም አልተሰሰተበትም። ላልወለደችው ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ ያቀረበ አልነበረም። የወሊድ አገልግሎቱን ከባህላችን ጋር ለማስማማት ለደከማችሁ ለእናንተ ይህን የምለው በወቀሳ መልክ ብቻ አይደለም፤ ገንፎ ማገንፋት የቻለ ጤና ጣቢያ አጥሚት ማሞቅ አያቅተውም ብዬ ነው።

ሁለተኛውን ስታረግዝ የጤና ኤክስቴንሽኗ እንደ ወትሮው መከረቻት። «እሺ» አለች። በሆዷ ግን ቆርጣለች። ምጡ ሲጀምራት ለባሏም ለአማቷም አልተናገረችም፤ ያ በር ላይ ቁጭ ማለት እንዳይደገምባት። ሁለተኛ ምጥ ግን እንደ መጀመሪያው አይዘገይም። ሲጠናባት ተሯሩጠው ይዘዋት ወጡ፤ መንገድ ላይ፣ በቆሎ ማሳ ዳር ወለደች። አማቷ ልጁን በነጠላ ተቀበሉት። ፈጣሪ ይመስገን፣ ደም አልፈሰሳትም።

የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ሰዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሉት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ታዴየስና ሜን የተባሉ ተመራማሪዎች ካስቀመጡት ወዲህ በየሥልጠናው ይነሳል። ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ መዘግየት። የመጀመሪያው ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ወደ ባል፣ ወደ አማት፣ ወደ «ግንዛቤ ማነስ» ነው። የወንድሜ ሚስት ግንዛቤ አላነሳትም። ቤት መቆየትን የተማረችው ከጤና ጣቢያው ነው። ባለፈው ቀድማ መጥታ የመለሳችኋት ሴት ናት ዘንድሮ የዘገየችባችሁ።

ይህ የሚያሳስበኝ የተገኘው ለውጥ ቀላል ስላልሆነ ነው። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ደረሱ። እነዚህን ሴቶች ያመጣቻቸው ዣንጥላ ይዛ ጭቃ ስታቦካ የምትውለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በዚያው በ2016 ጥናት የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 412 ነበር፤ ገና ብዙ መንገድ ይቀራል። የጤና ኤክስቴንሽኗ በዓመት ድካም ያሳመነቻትን ሴት በአንድ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ማጣት ኪሳራ ነው።

ግቢው ሲደርሱ ምጥ የሚጠፋው ለምን እንደሆነ እናቶች ደጋግመው ይጠይቃሉ። ሰውነት ሲፈራ የሚያመነጨው ቅመም ምጥን ያዘገያል። እንግዳ ቤት፣ ብርሃን፣ የማያውቁት ወንድ ምርመራ፣ «ይመልሱኝ ይሆን?» የሚል ሐሳብ፤ እነዚህ ሁሉ ማህፀንን ያስደነግጡታል። ሌሊት፣ በጨለማ፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር ሲሆኑ ምጡ ይመለሳል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ምጧ የጠፋባት ሴት አስመሳይ አይደለችም፤ ተረጋግታ ብትቀመጥ ብዙ ጊዜ ይመለስላታል። የመረጠችው ሰው፣ እናቷም ትሁን አማቷ ወይም ባሏ፣ አጠገቧ ቢሆን ምጡም ያጥራል፣ ፍርሃቱም ይቀንሳል፤ ይህን ጥናት አረጋግጦታል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል። እኛ ጋ ግን «አስታማሚ ውጪ!» የሚለው ድምፅ ነው የሚቀድመው።

ተመልሳ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ምጡ ዘገየ ተብሎ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። ተልባ የሚበጠብጥ ተልባውን ይበጠብጣል፤ እሱን አልቃወምም። ጸበልና ጸሎቱም ይሁን፤ ፈታሔ ማሕፀን ቅዱስ ሩፋኤልን ያልጠራ የጎጃም ቤት የለም። የምፈራው ሆድ ላይ የሚወጣውን እጅ ነው። ሕፃኑ እንዲወርድ ብሎ ሆድን በኃይል ማሸትና መጫን የእንግዴ ልጅን ያላቅቃል፣ ማህፀንን እስከ መቅደድ ያደርሳል። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ሥር ጨምቆ ማጠጣትም እንደዚያው። የማህፀን በር ሳይከፈት «አምጪ፣ ግፊ» ማለት ጉልበቷን ከመጨረስ በቀር የሚያመጣው የለም። ከተማ ላይ ደግሞ የዚሁ ወንድም የሆነው ልመና አለ፦ «ዶክተር፣ መርፌውን ውጋትና ትገላገል።» የምጥ ማፋጠኛ መርፌ በቦታውና በሰዓቱ ነፍስ ያድናል፤ ያለ ቦታው ግን ማህፀንን ያለ ዕረፍት ያኮማትርና የሕፃኑን ትንፋሽ ያሳጥራል። ሆዷ ተከፍቶ ወልዳ ለምታውቅ ሴት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። «አይሆንም» የምትሉ አዋላጆች ልክ ናችሁ። ሰው የሚሰማችሁ ግን ከ«አይሆንም» ቀጥሎ ሌላ የምትሰጡት ነገር ሲኖር ነው።

የሚሰጠው ነገር አለ፣ አዲስም አይደለም። የእናቶች ማቆያ ቤት በአገራችን የታወቀ ነገር ነው። በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ማቆያውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከ1987 እስከ 2008 ባለው ጊዜ እዚያ የወለዱትን እናቶች መዝገብ ያገላበጡ ሐኪሞች፣ በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት ከ100,000 ወደ 90 ገደማ ሲሆኑ፣ ማቆያውን ሳይጠቀሙ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ መሆናቸውን ጽፈዋል። ሁለቱ ቡድኖች እኩል እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ሳትቆይ የመጣችው አብዛኛዋ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የደረሰች ናት። ታዲያ የኔም ነገር እሱ አይደል?

በእኛ ዞንም በብዙ ጤና ጣቢያ ግቢ ማቆያ ቤት ተሠርቷል፤ ገበሬው እህልና ገንዘብ አዋጥቶ፣ እንጨት ተሸክሞ ጭምር። ደንቡ ግን ወሯ ሊገባ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀራት ተመዝግባ ለምትገባ ነው። ልጆቿን ለማን ትታ፣ ላሟን ማን አልቦላት፣ አዝመራው ተከምሮ ሦስት ሳምንት የምትቀመጥ ስንቷ ናት? ብዙዎቻችን የምንመጣው ምጥ ሲጀምረን ነው። ያኔ ለማቆያው ዘግይተናል፣ ለማዋለጃው ቀድመናል። ማቆያው አልጋው ባዶ ሆኖ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ሰኞ የሚገባ ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ ምጥ የያዛት ሴት ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አይቻለሁ።

አዋላጆችን እየከሰስኩ እንዳይመስል። ሌሊቱን ሁለት ሆነው፣ አንዳንዴም አንዱ ብቻውን፣ የምትወልደውን፣ ደም የሚፈሳትንና አራሷን የሚያዩ ልጆች ናቸው። መብራት ጠፍቶ በስልክ መብራት ሲያዋልዱ ያየ ሰው ክፉ ሊናገራቸው አይችልም። «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ሁኑ የሚለው መፈክር በየግድግዳው ተለጥፎላቸዋል፤ ያልተለጠፈላቸው ግን 3 ሴንቲ ላይ ላለችው ሴት ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚናገር አንድ ገጽ ነው። ያ ገጽ ከእናንተ ነው የሚጠበቀው።

በዚህ መሐል ለራሳችን ለእናቶች፣ ለአማቶችና ለባሎች የምለው አለኝ። ምጥ መጣ ሄደ ሲል ቁጭ ብሎ መቁጠር ጉልበት ይጨርሳል። ሲያርፍ እንቅልፍ ካለ ተኙ፤ በጎን መተኛት ይሻላል። ብሉ፣ ጠጡ፤ አጥሚቱም በሶውም ሻዩም ለዚሁ ነው፤ ምጥ የያዛት ትጹም ያለ የለም፤ የነፍስ አባትን ብትጠይቁም የሚሏችሁ ይህንኑ ነው። ቶሎ ቶሎ ሽንት መሽናት ይረዳል። ሲነሳባት ትቁም፣ ትደገፍ፣ ትንበርከክ፣ እንደተመቻት ትሁን፤ ባል ወገቧን በመዳፉ ጠበቅ አድርጎ ይያዝላት፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅም ወገቧ ላይ ደግ ነው። ቶሎ እንዲመጣ ብላችሁ ግን ቀኑን ሙሉ አታስኳትኗት። ዋናው ምጥ ሲመጣ ይታወቃል፤ እየተቀራረበ፣ እየረዘመ፣ እየጠና ይሄዳል፣ ዕረፍትም አይመልሰውም።

እነዚህ ሲታዩ ደግሞ «ገና ነሽ» ተብላ የነበረች ሴት እንኳ ብትሆን ደቂቃ አትቆይ፦ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ይልቁንም አረንጓዴ ወይም የሚሸት ከሆነ፤ እንደ ወር አበባ ያለ ደም ከፈሰሰ፤ የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ከጠፋ፤ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ማንቀጥቀጥ ካለ። ወሯ ሳይገባ የጀመራት፣ መንታ የያዘች፣ ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና የወለደችም መጠበቅ የለባትም። ሌላም ግልጽ ይሁን፤ ፊስቱላ የሚያመጣው ይህ የመጀመሪያው መጣ ሄደ የሚል ምጥ አይደለም። ጠንቶ፣ ሕፃኑ ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ያለ ሐኪም ቀናት የሚፈጅ ምጥ ነው። ችግሩ ሁለቱን የሚለየው ጊዜ ቤት ውስጥ፣ ሌሊት፣ ምንም መለኪያ በሌለበት ማለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሕር ዳር የተከፈተው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የሚያክማቸው ሴቶች ይህን ያውቁታል።

ስለዚህ መምሪያውን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በየጤና ጣቢያው ማቆያ ቤት ቢያንስ አንድ አልጋ ሳይመዘገቡ፣ ምጥ ጀምሯቸው ለሚመጡ ይያዝ፤ ቁልፉም ከተረኛው አዋላጅ እጅ አይውጣ። ቤቷ ሩቅ የሆነ ሴት «ሂጂ» አትባል፤ «እዚህ እረፊ፣ በዚህ ሰዓት እንደገና አይሻለሁ» ትባል። ስንት ሴንቲ እንደነበረች፣ የጽንሱ የልብ ምት፣ የደም ግፊቷ፣ ሰዓቱም ጭምር በካርዷ ላይ ይጻፍ፤ ሁለተኛው ተረኛ ከዜሮ እንዳይጀምር። ያመጣቻት እናት ወይም አማት አብራት ትደር። ወዳ ወደ ቤቷ የምትመለስም ብትሆን የሚመልሳት ምልክት የትኛው እንደሆነ ተነግሯት፣ አስታማሚዋም ሰምቶት ትሂድ። ቀለቡን ለእኛ ተዉት፤ ለአራስ ገንፎ እህል ያዋጣ ገበሬ ለአጥሚትም ያዋጣል። የወር ሪፖርታችሁ ላይ ግን አንድ መስመር ጨምሩልን፤ ምጥ ጀምሯት መጥታ ያደረች ስንት፣ ተመልሳ የሄደች ስንት፣ ከሄደችው ውስጥ ተመልሳ ያልመጣች ስንት። ያቺን ሦስተኛዋን ቁጥር የያዘ ኃላፊ እኔ ያልኩትን ሌላ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አይፈልግም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ በጀትም አያስጠብቅም። ማዘዝ ብቻ ይበቃል። ስታዝዙም ከአዋላጁ እኩል ለዘበኛው ንገሩት። ሌሊት በቅሎ ይዘን በሩ ላይ ስንደርስ የምናገኘው እሱን ነው፤ «ማቆያው የተመዘገበ ብቻ ነው የሚገባው» ብሎ የሚመልሰንም እሱ ነው። ትእዛዛችሁን በትልቁ ጽፋችሁ በየጤና ጣቢያው በር ላይ ለጥፉልን፤ ማንበብ ለማትችለው ዘበኛው ያንብብላት። መጪው ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ሳይሞሉ ይሁንልን።


ከጃቢ ጠህናን ገጠር፣ አንዲት እናት